ስም ያልተጻፈበት ሰንሱል

ክረምት ገብቶ አየሩ ሲርስ ሰንሱሉ ፍየል ፍየል ይሸታል። ወዲህና ወዲያ እየታጠፈ የሚከፈት፣ መዳፍ የማይሞላ የብራና መጽሐፍ ነው፤ መንገደኛ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ዛሬ ጠዋት ከሣጥን ሳወጣው ያው ሽታ መጣ። ድሮ አብሮት ይመጣ የነበረው እንባ ግን አልመጣም፤ ምን ላድርግ?

የተሠራው ወንድሜ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ባሕር ሊሻገር ቆርጦ የተነሣ ጊዜ ነው። አባቴ ከደጋ ወርዶ ቆቦ የከተመ መጽሐፍ ጸሐፊ ነበርና፣ «ልጄ ባዶ አንገቱን አይሄድም» አለ። ፍየል ታረደ። ቆዳውን እንጨት ላይ ወጠረና እንደ ደጋው ልማድ ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ አቆመው። እኩለ ቀን ላይ «ጧ!» ሲል ሰማን። ለሁለት ተሰንጥቋል።

ጎረቤታችን ቆዳ ነጋዴው በአጥሩ ብቅ አሉ። «የኔታ፣ ይሄኮ ቆቦ ነው! ወላሂ፣ ይሄ ፀሐይ ለሰውም አይመለስ!»

አባቴ ስንጥቁን እየዳበሰ፣ «ለካ የፀሐይም ጠባይ በየአገሩ ነው» ሲል ሣቅን። ወንድሜ አልሣቀም።

ሁለተኛውን ቆዳ ነጋዴው ራሳቸው ሰጡን። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ደረቀ። አባቴ ፋቀው፣ ቆርጦ ቀጣጠለው፣ አጠፈው፣ ጸሎቱን ጻፈበት።

«አባዬ፣ የሚያሻግሩኝ ሰዎች አይጠብቁኝም» ይል ነበር ወንድሜ።

«ቆይ እንጂ፣ ስምህ ብቻ ቀረ።»

የባለቤቱ የክርስትና ስም መጨረሻ ላይ ነው በቀይ ቀለም የሚገባው፤ እስከዚያ ቦታው ክፍት ይተዋል። አባቴ ቀዩን ቀለም ሊበጠብጥ በማለዳ ሲነሣ የወንድሜ መኝታ ባዶ ነበር። እኔ አላለቀስኩም። ውሃ ቀዳሁ፣ ቤት ጠረግሁ።

ከዚያ ወዲህ ወሬውም አልመጣ።

ከዓመታት በኋላ አባቴ ጠራኝ። በቀንድ ቀይ ቀለም በጥብጧል። «ዓይኔ ሳይከዳኝ ያንቺን ስም ልጻፍበት» አለኝ።

«የሱ ነው፣ አባዬ።»

ብርዑን አስቀመጠ። ሌላ ጊዜ አልጠየቀኝም፤ ቀለሙም እቀንዱ ውስጥ ደረቀ።

አሁን አባቴም የለም። ደጅ ባጃጆች ይንጫጫሉ። እኔ እጥፉን አንድ በአንድ እየዘረጋሁ ጸሎቱን አነባለሁ፤ ክፍቱ ቦታ ላይ ስደርስ የወንድሜን ስም በአፌ እሞላበታለሁ። ከዚያ መልሼ አጥፌ ሣጥኑ ውስጥ እከተዋለሁ።