አረም የማያውቀው መስክ

ዊልፍ ጋርቤት ሰውን የሚመዝነው በመስኩ ነበር። ሃይማኖቱን አይጠይቅም፣ ማንን እንደመረጠም አይጠይቅም። ብቻ አጥር ተደግፎ ሲመለከት ቱልት የሚባለውን አረም ካየ ያ ሰው ከዓይኑ ወረደ ማለት ነው። ከሁሉም በላይ የወረደበት ጎረቤቱ ቴድ ፒው ነው። ሁለቱም የአንድ ባለርስት ተከራዮች ናቸው፤ ቴድ ግን መሬቱን ጥሎ ዓሣ ሲያጠምድ ይውላል፤ ሣሩ መሃል ቢጫውም ወይን ጠጁም አበባ እንዳሻው ይፈነዳል።

"ቴድ፣ ላሞችህን የምታበላው የሰርግ አበባ ነው እንዴ?" ይለዋል ዊልፍ በመንደሩ መጠጥ ቤት።

"አንተ ደግሞ ሂድና መስክህን አበጥር!" ይላል ቴድ፣ ከት ብሎ እየሳቀ።

እውነትም ያበጥረው ነበር። ከሚስቱ ከሙሪየል ጋር አርባ አንድ ዓመት ጎንበስ ብለው ቱልትና ኮሸሽላ ነቅለዋል፣ ፍግ በትነዋል። በመጨረሻ ከአንድ ዓይነት ለምለም ሣር በቀር ምንም የማይበቅልበት ሆነ። ውሉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ተከራዩ መሬቱን ከአረም አጽድቶ ይይዛል። በየጥቂት ዓመቱ ከባለርስቱ ዘንድ ሰው ይመጣና ዞር ዞር ብሎ ያያል፤ መስኩ ንጹሕ ከሆነ ውሉ ይታደሳል። ዊልፍ አንድም ቀን ተነቅፎ አያውቅም።

በዚያ ዓመት ውሉ የሚያበቃው መስከረም ላይ ነበር። ቤቱ የሚከራየው ከመሬቱ ጋር ስለሆነ መሬቱ ከሄደ ሙሪየል የምትተኛበት ክፍልም አብሮ ይሄዳል። የባለርስቱ ወኪል ሚስተር ፔንፎልድ ሰኔ ላይ ደውሎ "አንዲት ባለሙያ መስኩን ልታይ ትመጣለች" ሲለው፣ ዊልፍ የተለመደው ፈተና መሰለው። ልታይ የምትመጣው ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ኩራቱ ይሁን ፍርሃቱ እንጃ፣ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ አይሆንለትም። ባልና ሚስት ሁለት ሳምንት ሙሉ በጉልበታቸው እየተንፏቀቁ መስኩን ለቀሙት። ሁለቱም ሰባ ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም።

የመጣችው ኢሞጅን የምትባል ወጣት ናት። የእንጨት ክፈፍ ሣሩ ላይ ትጥልና፣ ተንበርክካ በክፈፉ ውስጥ ስንት ዓይነት ዕፅዋት እንዳለ ትቆጥራለች። ዊልፍ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ከኋላዋ ከኋላዋ ይከተላል።

"ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አንድ ዓይነት ሣር ነው ልጄ። ሌላ ነገር ካገኘሽ አንገቴን ለካራ!"

"እያየሁ ነው፣ ሚስተር ጋርቤት።"

አምስተኛው ክፈፍ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቢጫ አበባ ብቅ ብላ ተገኘች። ዊልፍ ፊቱ ደም መሰለ። ጎንበስ ብሎ ከነሥሯ መነጨቃት።

"ኧረ አይንቀሏት!" አለች ኢሞጅን።

"ይቺ ሾልካኝ ነው። እባክሽ እንዳትጽፊያት።" አበባዋን ኪሱ ከተታት።

ልጅቱ ክፈፏን አነሣች። "እኔ የምጽፈው ያለውን ብቻ ነው" አለችና ስልኳ ያለበትን ካርድ ሰጥታው ሄደች።

"እንዴት ነበረች?" አለች ሙሪየል በር ላይ ቆማ።

"አፏን ይዛ ነው የሄደችው!" አለ ዊልፍ። ያን ቀን እራቱን ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ።

ሚስተር ፔንፎልድ ነሐሴ ላይ በአካል መጣ። የቀረበለትን ሻይ አልነካም፤ ዊልፍም ያኔውኑ ነገሩ ደግ እንዳልሆነ ገባው።

"ከተማው ዳር አራት መቶ ቤት ሊሠራ ነው፣ ዊልፍ። ሕጉን ያውቁታል፤ ቤት ሠሪው ካጠፋው አረንጓዴ አሥር በመቶ አብልጦ መተካት አለበት። እዚያው ቦታ ከሌለው ሌላ ሥፍራ ገዝቶ ያስለማል። ባለርስቱ የእርስዎን መስክ ሰጥተዋል። ለሠላሳ ዓመት የዱር አበባ መስክ ይሆናል፤ የእርስዎ ውል አይታደስም።"

"ምን አጥፍቼ?"

"ምንም አላጠፉም። እንዲያውም አፈሩ ከመጠን በላይ ሰብቷል። አበባው የሚወደው ስስ አፈር ስለሆነ የላይኛውን እንገፈዋለን።"

ዊልፍ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው። "የቴድስ መሬት?"

"የቴድ ውል ታድሷል።"

እንግዲህ ፍረዱ! አርባ አንድ ዓመት ያጠገበው አፈር ጥጋቡ ወንጀል ሆኖ ሲገፈፍ፣ ዓሣ አጥማጁ በአረሙ መሃል ተንደላቆ ሊቀመጥ ነው። እኔ በዚያ ቤት ብሆን ሻዩን ፔንፎልድ ላይ እደፋው ነበር። ዊልፍ ግን እስከ በሩ ሸኘው።

ላሞቹ በተሸጡ በሳምንቱ ዊልፍ በረቱ ውስጥ ገብቶ ለኢሞጅን ደወለላት።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። መስኩን እንደ ቴድ ብተወው ኖሮስ?"

"ባለርስቱ ለቤት ሠሪው የሚሸጡት ልዩነቱን ነው፣ ሚስተር ጋርቤት። ዛሬ ባለውና ወደፊት በሚኖረው መካከል ያለውን። የሚስተር ፒው መስክ ቀድሞውኑ አበባ ስለሆነ ብዙ የሚጨመርበት የለም። የእርስዎ ላይ ግን ምንም አልነበረም።"

"ሰነፍ ብሆን ኖሮ ማለት ነው?"

"በጣም አዝናለሁ።"

"ሐዘንሽን ተይውና ልጄ፣ መልሺልኝ።"

"አዎ። አይነኩዎትም ነበር።"

ዊልፍ ባዶው በረት ውስጥ ብዙ ቆየ። ያን ሁሉ ዓመት እየነቀለ የኖረው የገዛ ቤቱን መሠረት ነበር። እሱ ብቻውን ቢሆን ባልከፋው፤ አጠገቡ ተንበርክካ የነቀለች ሌላ ሰው አለች።

ወደ ቤት ሲገባ ሙሪየል ሳህኖቹን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትደረድራለች።

"ደወልክላት? ምን አለችህ?"

"ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር አለች።"

"አላልኩህም!" ሙሪየል ወገቧን በእጇ ደግፋ ቀና አለች፤ ወገቧ ከታመመ ዓመታት አልፈውታል። "በቃ፣ እኛ የሚገባንን አድርገናል ዊልፍ። በስንፍናቸው ተባረሩ የሚለን የለም።"

"የለም" አለ ዊልፍ። ከዚያ ከጎኗ ቁጭ ብሎ አንድ ሳህን አነሣና መጠቅለል ጀመረ።