በፍሬኑ ውስጥ የገባው ጉሎ

«አልከነፍኩም አባባ። ረገጥኩት፣ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ፣ መኪናው ግን አልቆመም ነው የምልህ።»

«ፍሬን የሚጠፋው ለሚከንፍ ሰው ነው» አለ አባቴ ለሦስተኛ ጊዜ።

ታላቅ ወንድሜ ከጂፑ ስር ወጥቶ ጭቃው ላይ ተቀምጧል። አባቴ በረንዳው ላይ ነው። እኔ የመፍቻ ሳጥን ይዤ መካከላቸው ቆሜአለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ስለነበር ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ውሃው ኮፋኖው ላይ ይንጠባጠባል።

ከሦስት ቀን በፊት፣ የገበያ ዕለት፣ ወንድሜ ሰው ጭኖ ወደ ተበላ ከተማ ሲወርድ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን አጣ። ጂፑን ያቆመው ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር አላትሞ ነው። የሞተ የለም። አንዲት ቅቤ ነጋዴ ግን ክንዷ ተሰበረ፤ በነገው ዕለትም ሽማግሌዎች ግቢያችን ተቀምጠው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሊሰሙ ነበር። የሾፌሩ ነው ከተባለ ወንድሜ በሚነዳው መኪና የሚሳፈር ሰው ከሶዶ እስከ ተበላ አይገኝም። ሌላ ሙያ ደግሞ የለውም።

ጂፑ በደርግ ዘመን አባቴ ራሱ የሚነዳው የመሥሪያ ቤት መኪና ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በጨረታ ገዛው፤ የሞተሩ ግማሽ በጆንያ ነው የመጣው። ሁለት ዓመት ግቢያችን ውስጥ ስንፈታው ስንገጥመው ኖርን። ጣሪያውን ቆረጥን፣ ኋላውን በላሜራ አስረዘምን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር በየድንበት። የክረምቱ ጭቃ እንዳይውጠው ከጭነት መኪና የወጣ ባሌስትራ ጨምረን ከፍ አደረግነው። ወንድሜ ሻሸመኔ ድረስ ሄዶ የፍሬኑን ዘይት አፍኖ የሚይዘውን ጎማ፣ አዲስ ጎሚኒ፣ አመጣ። አባቴ ጂፑን ዞሮ ዞሮ ያየውና ጎማውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ይሄድ ነበር።

የፍሬን ዘይት ከገበያ በጠፋበት ጊዜ የአባቴ ዘመን ሾፌሮች የጉሎ ፍሬ ጨምቀው በአረቄ እያቀጠኑ ይሞሉ ነበር። አባቴ በዚያ ዘይት ጎፋ ድረስ ዓመታት ተመላልሶበታል፤ አንድ ቀን እንኳ አልተገለበጠም። ውሸት አልነበረም። የዚያን ጊዜው ጎሚኒ ጉሎን ይችል ነበር፣ አዲሱ ግን አይችልም፤ ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

ከአደጋው ሦስት ሳምንት በፊት ወንድሜ ለመንጃ ፈቃዱ እድሳት ወጥቶ ሳለ አባቴ ጠራኝ። ጉሎውን የወቀጥኩት እኔ ነኝ። በእናቴ ነጠላ ቁራጭ ያጠለልኩትም፣ የፍሬኑ ዘይት ወጥቶ ጉሎው ሲሞላ ፔዳሉን የረገጥኩትም እኔ። ፔዳሉ ሲጠነክር አባቴ ሳቀ፤ በዚያ መኪና ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ለወንድሜ እንዳልነግረው አዘዘኝ፤ እሱ የሚያምነው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ ለምስጢር መመረጤ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ወንድሜ ከጎማው ውስጥ ያወጣውን ጎሚኒ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየን። እንደተቀቀለ ባቄላ አብጧል። ሲጫነው ተፈረከሰ። አሸተተው።

«አረቄ ይሸታል።»

«ነገ እንዲህ በላቸውና» አለ አባቴ፣ «ጠጥቶ ነዳ ይሉሃል።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ፣ ከእኔ ሌላ ይህን የነካ ሰው አለ?»

«ገጣሚውን ተወው» አለ አባቴ፤ ግጥም ስለምጽፍ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። « እሱ ከቃል ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።»

የአባቴን ጫማ አየሁ። ክሩ ተፈትቷል። ከተማው ሁሉ ስለ አባቴ የሚያውቀው ያልተገለበጠ ሾፌር መሆኑን ነው፤ ሌላ የቀረው ነገር አልነበረም። የወንድሜን ፊት ግን ማየት አልቻልኩም።

«አላውቅም» አልኩ።

ወንድሜ ጎሚኒውን የያዝኩት የመፍቻ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። እንደገባው አውቄአለሁ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጃኬቱን ከመስተዋቱ ላይ አነሳ።

«ነገ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው በላቸው አባባ። ሾፌሩ ግን የለም።»

«ወዴት ነው?» አለው አባቴ። ወንድሜ የግቢውን የቆርቆሮ በር ከፍቶ ወጣ። ያላትመዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንደ እንግዳ ሰው ቀስ አድርጎ ዘጋው።