ንጹሕ አፈር ፍለጋ ወደ ጓሳ

ማክሰኞ ማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሣሁት አፈር ፍለጋ ነው። የኬላው ጥበቃ የይለፍ ወረቀቴን አይቶ፣ «ሰው መንዝ የሚሄደው ለበግ ወይ ለለቅሶ ነው፤ አፈር አዲስ አበባ ጠፋ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ውጭ አገር ያሉ አንድ ፕሮፌሰር፣ ዘመን ቢያልፍም የማይጠፉ መርዞችን ከውሃና ከአፈር ስለ ማጽዳት ለዶክትሬት የሚያጠና ሰው እንደሚፈልጉ ጽፈውልኛል። ቦታውን ለማግኘት ሁለት ዓይነት አፈር መላክ አለብኝ፤ አንዱ መርዝ የፈሰሰበት፣ ሌላው መርዝ ፈጽሞ ያልነካው። ሌላ አመልካች መኖሩንም አልደበቁኝም። የይለፍ ወረቀቴ የሚያገለግለው እስከ ዓርብ ብቻ ነው።

ሞላሌ

አውቶቡሱ ጣርማ በር ላይ ከአስፋልቱ ከወጣ በኋላ ጎማው ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። ሞላሌ ስደርስ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በስሙኒ በላሁ። በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው፣ ቆርቆሮው ወደዛገ የድሮ የአንበጣ መርዝ ማከማቻ ሄድኩ። በርሜሎቹ ከተበሱ ቆይተዋል። ከበሩ ሥር አፈር፣ ከታች ካለው ጅረት ውሃ ወሰድኩ። ማንም ምን ትሠራለህ አላለኝም። ጠርሙሶቼም እዚያው አለቁ።

ጓሳ

ሐሙስ ንጹሑን አፈር ፍለጋ ከመሐል ሜዳ በተከራየሁት ፈረስ፣ የአገሩ ሰው ሣሩን በጋራ ወደሚጠብቅበት ወደ ጓሳ ሜዳ ወጣሁ። ሣሩ እስኪደርስ ሜዳው ተዘግቷል፤ ማጨድም ማሰማራትም ክልክል ነው። ጠባቂዎቹ አቶ ጥላዬ ወደሚባሉ ሽማግሌ ወሰዱኝ።

«ምን ልታጭድ መጣህ፣ ልጄ?»

«ሣር አይደለም አባቴ፣ አፈር ነው። ሁለት እፍኝ ይበቃኛል።»

«አፈርስ የሣሩ እናት አይደለች?»

ነገሩን አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እዚህ መርዝ ገብቶ አያውቅም ብለህ ልትጽፍ ነው? እንግዲያስ ቆፍር። ግን ጉድጓዱን ደፍነህ ሣሩን እንደነበረ መልስ» አሉኝ። እንዳሉት አደረግሁ። ጠርሙስ ስላልነበረኝ አፈሩን በአዲስ የአቡጀዲ ከረጢት ቋጠርኩት። ንጹሕ አፈር ምን ይሆናል ብዬ!

መሐል ሜዳ

ያደርኩት በፈረሱ ባለቤት ቤት ነው። ዓርብ ጠዋት ስነቃ አንድ ቁንጫ አልነካኝም። መንዝ ውስጥ ይህ ተአምር ነው፤ ለባለቤቱ ሚስት ለእትዬ አስካለ እየሳቅሁ ነገርኳቸው።

«ዲዲቲ ነስንሼልህ እኮ ነው» አሉ ደስ ብሏቸው። «ወንድሜ ከመርሐቤቴ ቆላ የላከልኝ ነው። እንግዳ በቁንጫ ተበልቶ አድሮ አገሬን ይማ? ከረጢትህንም አልተውኩት፤ ቁንጫ ስፌት ውስጥ ይደበቃል።»

ክው አልኩ። ነጩ ዱቄት በአቡጀዲው ዘልቆ አፈሩ ውስጥ ገብቷል። ፕሮፌሰሩ ሊያስጠኑኝ ካሰቡት መርዞች አንዱ ይኸው ራሱ ነው። የይለፍ ወረቀቴ ዛሬ ስለሚያበቃ ወደ ጓሳ መመለሻ ጊዜ የለኝም። በራሴም በእሳቸውም ተናደድኩ።

«እትዬ፣ አበላሹብኝ! ይህ አፈር ከእንግዲህ ንጹሕ አይደለም።»

ሴትዮዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያም ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ባንድ ሌሊት አፈርህ ከተበላሸ፣ እኔ ስንት ዓመት የልጆቼን መኝታ፣ ፀጉራቸውንም ሳይቀር ስነሰንስ ኖሬያለሁ። እነሱስ፣ ልጄ?»

ቁጣዬ በአንዴ ጠፋ። ይህ መርዝ ወፍንና ዓሣን እንዴት እንደሚጎዳ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ስለ እትዬ አስካለ ልጆች ግን የሚናገር አላጋጠመኝም። «አላውቅም» አልኳቸው። ከእንግዲህ እንዳይነሰንሱ፣ መኝታውን ፀሐይ ላይ እንዲያሰጡ ነገርኳቸው። እሳቸውም ከመኝታው ሥር አፈር ጫር ጫር አደረጉና በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ይህንንም አሳይልኝ።»

መልስ

ደብረ ብርሃን አውቶቡሱ ሲቆም ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ከመንገድ ዳር አፈር ዘግኜ «የጓሳ» ብዬ ብጽፍበት ማን ያውቃል? ወርጄ ጎንበስ ብዬም ነበር። አፍሬ ተነሣሁ።

ቤቴ ገብቼ ለፕሮፌሰሩ እውነቱን ጻፍኩላቸው፤ ንጹሕ አፈር የለኝም፣ ቦታውን ለሌላው ቢሰጡት አልቀየምም አልኩ። መርዝን ከዛገ በርሜል ሥር ስፈልግ ከራስጌዬ፣ ያውም በደግ እጅ ተነስንሶ ማግኘቴንም አልሸሸግሁም። ከመኝታው ሥር የተጫረውን አፈር አብሬ አሸግሁ፤ የእትዬ አስካለንም ጥያቄ እንዳለ ጻፍኩት። ዶክትሬቱን ባገኝም ባላገኝም መልሱን ይዤ መመለስ ያለብኝ አንድ ቤት አለ።