ፒኗ ከምርቃቱ ትቅደም

ባለፈው ቅዳሜ በባሕር ማዶው የሐበሻ ሰፈራችን ፌርፋክስ ላይ፣ የሰርግ ወንበርና ድስት የጫኑ ወጣቶች ተጎታቻቸውን ከመኪና ጋር አያይዘው «ሶ፣ እትዬ አስቴር፣ መርቂንና እንሂድ» አሉኝ። አንቱታው ከቀረ ቆይቷል፤ አልቀየምም። እጃቸውን ዘርግተው ሲጠብቁኝ ግን ዓይኔ የሄደው ተጎታቹ ፊት ላይ ወዳለችው ትንሽ የባትሪ ሳጥን ነበር።

በሃያ አምስት ዓመቴ እንዲህ ያለች ባትሪ ገጥሜ ነበር፤ ለጋሼ ታደሰ። ጋሼ ምግብ ቤት ነበራቸው፤ የሰፈሩን ሰርግ ሁሉ የሚያበሉት እሳቸው ናቸው። ተጎታቹ መንገድ ላይ ቢለቅ፣ ከመኪናው በገመድ የታሰረች ፒን ከተጎታቹ ላይ ትነቀላለች፤ ያኔ ባትሪዋ የተጎታቹን ፍሬን ታስይዛለች። አዲስ አበባ ኤሌክትሪክ ተምሬ ስለነበር ሽቦውን ዘረጋሁ፣ ባትሪዋንም ሁለት ቀን ቻርጅ አደረግሁ። አረንጓዴ መብራቷ ሲበራ ኮራሁ። እውነት ለመናገር፣ ኩራት አያንሰኝም ነበር።

ለሰርግ ወደ ፓሳዴና የምንሄድበት ቀን ደመናማ የግንቦት ማለዳ ነበር። የዶሮ ወጡ ሽታ ከአዲስ ቀለም ሽታ ጋር ተቀላቅሏል፤ ጋሼ ለሙሽሮቹ ክብር ብለው ተጎታቹን አረንጓዴ ቀብተውታል። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልን» ብለው መረቁ፤ አሜን አልን። ያኔ ነው እኔ ፒኗን ነቅዬ ልሞክር ያልኩት።

«የተመረቀ መንገድ ይፈተናል እንዴ፣ አስቴር?» አሉ ፊታቸውን አጥቁረው።

«ምርቃቱን አይደለም፣ ጋሼ፤ የራሴን ሥራ ነው የምፈትነው። ስነቅላት ቀስ ብለው ድራይቭ ያድርጉ።»

ሰው ረፈደብን እያለ ያጉረመርማል። ነቀልኳት። ጋሼ ነዱ፤ ተጎታቹ እንደ በግ ተከተላቸው። መብራቷ በርቷል፣ ፍሬኑ ግን አልያዘም። ያ ሁሉ ጭነት ቁልቁለት ላይ ቢለቅ ከፊቱ የሚገኝ ሰው አይተርፍም። ደነገጥኩ፤ ተንበርክኬ ሽቦውን ተከተልኩ። ለካ ጋሼ ለመቀባት ሽቦውን ከተጎታቹ ብረት ጋር የሚያያይዘውን ቡሎን ፈትተው፣ መልሰው ያሰሩት በቀለሙ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ደግሞ በቀለም አያልፍም። ያን ያማረ ቀለም፣ ባለቤቱ ቆመው እያዩኝ፣ በሽንኩርት ቢላ ብረቱ እስኪያበራ ፋቅሁትና ሽቦውን መልሼ አሰርኩ።

እንደገና ሞከርን። ጎማው አስፋልቱን ይዞ ጮኸ፤ መኪናው ቀጥ አለ። ጋሼ ወረዱ። የተፋቀውን ብረት አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቀስ ብለው «አሜን» አሉ።

ጋሼ ካረፉ ዓመታት አለፉ። ቅዳሜ ዕለት ወጣቶቹን መጀመሪያ ፒኗን ንቀሉ አልኳቸው። ሳቁብኝ፣ ግን ነቀሉ። ጎማው ሲይዝ «አሜን» አልኩ፤ ማንንም ገና ሳልመርቅ።