ፈርዶሳ ያልፈረመችው ወረቀት

ፈርዶሳን መጀመሪያ ያየኋት ቀን ጠልቻት ነበር፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ሮቤ ባለ አንድ የመሬት መሥሪያ ቤት (ስሙን ብጠራ ነገር ይመጣብኛል) ሃያ ስድስት ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። እሷ ከዩኒቨርሲቲ በወጣች በዓመቱ የኔን የወረቀት ፋይል ሁሉ ወደ ዳታቤዝ ልታስገባ መጣች። «ጋሽ እሸቴ፣ ይቺን ፋይል ያውሱኝ» ስትለኝ እንጀራዬን የምትቀማኝ ይመስለኝ ስለነበር ሆን ብዬ እደብቅባታለሁ። አንድም ቀን አልተቆጣችም። ጠዋት ጠዋት ከጎባ በሚኒባስ ትመጣና የቢሮዬ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። በሦስት ዓመት ፋይሎቼን ጨረሰችብኝ። እኔም ጡረታ ወጣሁ።

ዓመታት አልፈው፣ ዘንድሮ ተራው የሷ ሆነ። ድልድል መጣ። ድልድል የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሚፈራው ቃል ነው። መዋቅሩ ይቀየራል፣ የአዲሶቹ የሥራ መደቦች ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ መደብህ ከሌለ አንተም የለህም። በዚያ ዝርዝር ላይ የዳታቤዝ ባለሙያ የሚባል መደብ አልነበረም። አንድ ድርጅት ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር ሲስተም አምጥቷል ተብሏል። ፈርዶሳ ደግሞ ሁለት ልጆቿንና እናቷን የምታኖረው በዚያችው ደመወዝ ነው።

ኃላፊው አቶ ወንዶሰን አስጠራት። «አዲሱ ሲስተም መረጃውን ተረክቧል» አላት። «ትክክል ነው ብለሽ ርክክቡን ፈርሚ። አሮጌው ይጠፋል፤ ላንቺም ሌላ መደብ ላይ ቦታ እፈልግልሻለሁ።» ክፉ ሰው አይደለም፤ ከበላይ ቀን ተቆርጦበት ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ፈርዶሳ ከመፈረሟ በፊት አዲሱን ሲስተም ከፍታ አየችው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገበሬዎች «ተደጋጋሚ» ተብለው ከሌላ ሰው ጋር ተቀላቅለዋል። ስምህ፣ የአባትህ ስምና የልደት ቀንህ ከሌላው ጋር ከገጠመ፣ ለሲስተሙ ሁለታችሁ አንድ ሰው ናችሁ። በዚያው ቀን ዝርዝሩን ይዛ ቤቴ መጣች።

«ጋሽ እሸቴ፣ እነዚህ ሰዎች ሁሉ መስከረም አንድ ተወለዱ እንዴ?»

ገበሬውን መቼ ተወለድክ ብትለው ገብስ ሲታጨድ ይልሃል። ቅጹ ግን ቀን ይጠይቃል። እኔም ልደቱን ለማያውቅ ሁሉ መስከረም አንድ እሞላ ነበር፤ ዓመቱንም በግምት። ማንን ይጎዳል ብዬ? እሷም እንዳገኘችው አስገብታዋለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሄጄ እናገራለሁ» አልኳት።

«ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱን በኋላ እንካፈላለን። አሁን የአያት ስምና የጣት አሻራ ያለበትን ወረቀት እናውጣ።»

ዘጠኝ ቀን መዝገብ ቤቱ ውስጥ አቧራ ስንቅም ከረምን። የደበቅኳቸው ፋይሎች ሳይቀሩ ወጡ፤ አፈርኩ። በአምስተኛው ቀን አላስችል ብሎኝ፣ «ልጄ፣ ፈርመሽ ቦታሽን ብትይዢስ? ማን ያመሰግንሻል?» አልኳት።

ቀና እንኳ አላለችም። «ሥራዬን ባጣ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። እኔ ፈርሜ መሬቱ የጠፋበት ሰው ግን ምን ይፈልጋል?»

የርክክቡ ቀን እኔንና ሁለት ሽማግሌዎችን ይዛ አቶ ወንዶሰን ቢሮ ገባች። ሁለቱም ቦሩ ሁሴን ይባላሉ። አንደኛው ከዲንሾ የመጡ ገብስ አምራች ናቸው፤ ሁለተኛው አንገቱ ከሚባል አገር የመጡ፣ ቡና ያላቸው። ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም። «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላም ተባባሉና ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«አቶ ወንዶሰን» አለች ፈርዶሳ፣ «በአዲሱ ሲስተም እኚህ ሁለት ሰዎች አንድ ሰው ናቸው። ማንኛቸው እንደሚቀሩ ይንገሩኝና ልፈርም።»

ሲስተሙን ሊያስረክብ የመጣው የድርጅቱ ሰው «እሱ ቀስ ብሎ ይስተካከላል» አለ። እሷ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ ነገሩን በኦሮምኛ ነገረቻቸው። የዲንሾው ቦሩ ቀድመው፣ «አኒ ጅራ» አሉ፤ እኔ አለሁ ማለታቸው ነው። የአንገቱው ቦሩም ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተክለው፣ «አኒስ ጅራ» አሉ። እኔም አለሁ።

ወንዶሰን ያልተፈረመውን ሰነድ አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰሌዳው ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ የመረጃ ማጣራት ባለሙያ፣ ብዛት አንድ፣ በውድድር። ለሷ ብሎ የሰጣት የለም። በዕድሜ ከሚያንሷት አራት ልጆች ጋር ተፈትና አንደኛ ወጣች። ኮራሁባት፤ አባት እንኳ እንደኔ አይኮራም።

ሥራ የጀመረች ቀን እንድረዳት አስጠራችኝ። መጀመሪያ የከፈተችው የኔኑ የቤት ቦታ ፋይል ነው። መስከረም አንድ፣ በራሴ የእጅ ጽሕፈት።

«እርስዎም?»

«እናቴ ዝናብ ነበር ከማለት ሌላ የነገረችኝ የለም።»

አጠፋችውና በቦታው «አይታወቅም» ብላ ጻፈች። ሰባ ዓመት ያህል ኖሬ በትክክል የተመዘገብኩት ያን ቀን ነው።

«ጋሽ እሸቴ፣ የሚቀጥለውን ፋይል ያውሱኝ» አለች። ሳልደብቅ ሰጠኋት።