የጋሽ ተፈራ ውሻ

ዛሬ ሮተርዳም አንድ የስፔኖች መጠጥ ቤት ገብቼ ጨጓራ እየበላሁ ብቻዬን ስስቅ፣ አስተናጋጇ ትን ያለኝ መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች።

ያሳቁኝ ጋሽ ተፈራ ናቸው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ ገና አዲስ ስደተኞች ሳለን፣ ከእሳቸው ጋር እዚሁ ሆላንድ አንድ ቤት ነበርን። ዱለት አማረንና ሰፈራችን ያለው ሥጋ ሻጭ ዘንድ ሄደን ጨጓራ ጠየቅን። ያኔ ደቾች ጨጓራ የሚገዙት ለውሻ ነው። ሰውየው "ውሻችሁ ትልቅ ነው?" ሲለን እኔ አፈርኩ። ጋሽ ተፈራ ግን ኮስተር ብለው "በጣም ትልቅ ነው በለው" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በሄድን ቁጥር የውሻችንን ጤና ይጠይቀናል። (ዐቢይ ጾም ገብቶ የጠፋን ጊዜማ፣ ውሻው ሞቶባቸዋል ብሎ አዝኖልን ነበር።)

አንድ ቅዳሜ፣ ወደቡ አጠገብ ስፔኖች ጨጓራ ለሰው እንደሚሠሩ ሰምተን ሄድን። የአሳማ ቋሊማ ሳይገባበት እንዲሠሩልን ለምነን፣ በሸክላ የቀረበውን ቀይ ወጥ በዳቦ እየጠረግን ሳለ በሩ ተከፈተ።

ሥጋ ሻጩ! ቢራ ሊጠጣ መጥቶ።

ሸክላውን አየ፤ እኛን አየ። "ውሻውስ?" አለ።

ጋሽ ተፈራ በዳቦ ጠቀም ያለ ጉርሻ ጠቅልለው ተነሡና አጎረሱት።

አላመጠ፤ ዋጠ፤ ወንበር ስቦ አጠገባችን ተቀመጠ።

"ከዛሬ ጀምሮ እኔም ውሻ አለኝ" አለ።

እናንተስ በሰው አገር ያማራችሁን ለመብላት ምን ዓይነት ውሻ አሳደጋችሁ? እስቲ ጻፉልኝ፣ አብረን እንሳቅ።