አባቴ ዝም ያለበት እድር

ማለዳ ጥሩምባ ሲነፋ ዛሬም አልጋዬ ላይ እንዳለሁ እግሬን ሰብሰብ አደርጋለሁ። አሁን አሁን አሰላ ላይ መርዶ በስልክ ነው የሚመጣው፤ የእኛ ሰፈር ግን አንድ ሽማግሌ ጥሩምባ ነፊ ስላሉት፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ገና ሳይለቅ ድምፁ በባሕር ዛፉ መካከል አልፎ ሲደርሰኝ፣ ማን እንደሞተ ከመስማቴ በፊት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ። በዚያ ዕድሜዬ አንድ ሰው ሞቶ ጥሩምባው ሳይነፋለት ቀርቷል፤ የእኔ ትዝታ የሚጀምረው ከዚያ ጠዋት ጸጥታ ነው።

አባቴ ወርቁ ልብስ ሰፊ ነበር። ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ዳር፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ የአላፊ አግዳሚውን ሱሪና ካፖርት ሲጠግን ይውል ነበር። የሰፈራችንን እድር ድንኳን የሰፋውም እሱ ነው፤ ሸራው ቤታችንን ስለሞላው አንድ ሳምንት ሙሉ ምሳችንን ደጅ ተቀምጠን እንደበላን አስታውሳለሁ። የአባቴ እናት፣ እኛ እምዬ የምንላት፣ ድንኳኑ ተሰፍቶ ሲያልቅ በእጇ እየዳበሰች «ለእኔ የምትዘረጋው ዕለት ይህቺኛዋ ስፌት እንዳታፈስብኝ» ብላ አባቴን አስቃው ነበር።

በዚያ ዓመት በጋ ከጓሮ ያለችውን ክፍል መምህር ገመቹ የሚባል፣ ከወለጋ ተመድቦ የመጣ የሳይንስ አስተማሪ ተከራየ። ቀጭን፣ ንጹሕና ሰው አክባሪ ነበር፤ እንደ ማንኛውም ጎረቤት እድር ገብቶ የሰው ለቅሶ ይደርስ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን አራት አምስት ሰዎች እየመጡ በሩን ዘግተው ዝቅ ባለ ድምፅ ይዘምራሉ፤ ከመካከላቸው የዳቦ ጋጋሪዋ የወይዘሮ አስካለ ልጅ ሙሉ አንዷ ነበረች። ጴንጤ መሆናቸውን ለማወቅ ሰፈሩ ሁለት እሑድ አልፈጀበትም። እምዬ እህል ለማስጣት በሚል ሰበብ በሩ ፊት ለፊት ተቀምጣ ጆሮዋን ትጥል ነበር፤ በበዓል ቀን መምህሩን ልብስ ሲያጥብ ካገኘችው ደግሞ አታልፈውም።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ማርያም ናት፤ ሥራ አይሠራም።»

«ሸሚዜ ቆሽሾብኝ ነው፣ እማማ።»

«ሸሚዝህን ተወውና ነፍስህን እጠብ! በል ና፣ ወተቱ ሳይበርድ ጠጣ፣ ጸረ ማርያም።»

እሱም እየሳቀ መጥቶ ይጠጣ ነበር።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ማታ ማታ ጣሪያችን ላይ ድንጋይ መወርወር ጀመረ። ቆርቆሮው በተንኳኳ ቁጥር እናቴ ከመደብ ተነስታ እኔን ወደ ግድግዳው ትገፋኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ የእድሩ ዳኛ ባላምባራስ ይፍሩ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ፤ ረጅም፣ ጥቁር ካባ የማይለያቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራቸውና የሚያከብራቸው ሰው ነበሩ። የቀረበላቸውን ጠላ ሳይነኩ «ወርቁ፣ ያን ሰው ከግቢህ አውጣ» አሉት።

«ባላምባራስ፣ የሚያምነውን እኔም አልወደድኩለትም» አለ አባቴ። «ግን የማልወደውን ሁሉ ካስወጣሁ ግቢው ውስጥ እኔና የስፌት መኪናዬ ብቻ እንቀራለን።»

አንደኛው ሽማግሌ ሊስቅ ብሎ ባላምባራስን አየና ተወው።

ክረምቱ አጋማሽ ላይ መምህር ገመቹን ተስቦ ያዘውና ሆስፒታል በገባ በአራተኛው ቀን ሞተ። ወለጋ ሩቅ ነው፣ መንገዱም ጭቃ ነበር፤ አባቴ አስከሬኑን በጋሪ አምጥቶ ጓሮ ክፍሉ ውስጥ አጋደመውና ገና ሳይነጋ ወደ ጥሩምባ ነፊው ቤት ሄደ። ባዶ እጁን ተመለሰ። ሰውዬው «ባላምባራስ ከልክለውኛል፣ ጋሼ ወርቁ፤ እኔ ንፋ ያሉኝን ነፊ ነኝ» ብሎት ነበር። እናቴ በሩን ከፍታ ቆማ ስትጠብቅ፣ ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሲወርድ፣ ከዚያ ውጭ ምንም ሳይሰማ ነጋ።

ረፋዱ ላይ እድሩ ተሰበሰበ። አባቴ ስብሰባው ላይ ያደረገውን በኋላ ከሰው ሁሉ አፍ ሰማሁት፤ ሟቹ አባል ነው፣ ከማንም እኩል የሰው ሬሳ ተሸክሟል፣ የእሱን የሚያነሳ ግን ጠፋ ብሎ ጀመረ፤ «ሃይማኖቱን የምትረቱት ሬሳውን በመከልከል ነው?» ብሎ ጮኸ፤ በመጨረሻ አግዳሚውን በቡጢ መትቶ ሽማግሌዎቹን «ፈሪሳውያን» አላቸው። ልብስ ሰፊ በባላምባራስ ፊት እንዲህ አይናገርም ነበር። እዚያው ከእድሩ አስወጡት።

የቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ስለተከለከለ ቦታ የሰጠው ከጭላሎ ሥር ገብስ የሚያርሰው ኦቦ ቃሲም ነበር፤ አባቴ ካፖርቱን የሚሰፋለት፣ ለእኛም ቅቤ የሚያመጣልን እስላም ወዳጃችን። «ያ ወርቁ» አለው በኦሮምኛ ጠርቶ፣ «ከገብሴ አጠገብ ይተኛ። ገብስ ስብሰባ አይጠራም።» አባቴ፣ ሙሉና ጓደኞቿ፣ የኦቦ ቃሲም ወንድሞች ሆነው በዝናብ ቀበሩት።

መስከረም ጠባ፣ ሜዳው ቢጫ ሆነ፤ እኛን ግን እንኳን አደረሳችሁ ያለን አልነበረም። ሰዎች የተቆረጠ ጨርቃቸውን ሳይሰፋ መልሰው ይወስዱ ጀመር። እናቴ ቦኖ ውኃ ስትወርድ የሴቶቹ ወሬ ስለሚቋረጥ፣ ማንም ሳይመጣ ልቅዳ ብላ በጠዋት መውረድ አመጣች። ይህ ሁሉ ሳያንስ እምዬ ታመመች፤ እግሯ አበጠ፣ ትንፋሿ አጠረ፣ እንደማትነሳም ሁላችንም አወቅን፣ እሷም አወቀች። እድሩ የተቋቋመ ዕለት ከነበሩት አንዷ ናት፤ አሁን ግን በልጇ ምክንያት ቤታችን በሙሉ ከመዝገብ ወጥቷል።

«እናቴ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አንቺን አይከለክልሽም» ይላት ነበር አባቴ።

«መሬቱንማ ማን ይከለክለኛል! ማን ይሸከመኛል? ማን ያለቅስልኛል? አንተና ያ ቃሲም?»

አንድ ቀን ትራሷን ደግፌ ሳለሁ እንዲህ አለችው፦ «ጮኸሃል። ሽማግሌ ላይ መጮህ ነውር ነው። ስለ ጩኸትህ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ በል። ስለ ሌላው ጠይቅ አላልኩህም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እድርተኛው ከመሰብሰቢያው ጽድ ዛፍ ሥር እንደተሰበሰበ፣ አባቴ ከበራችን አጠገብ ትልቅ ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ሄደ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እንዲህ ነበር የሚመጣው፤ ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ድንጋዩን እስኪያወርድለት ድረስ ቀና አይልም። እኔ ጃንጥላ ይዤ ተከተልኩት። ሊያባራ ያልቻለው የመስከረም ዝናብ ወረደ፤ ሰዎቹ ወደ ጽዱ ግንድ ሲጠጉ አባቴ ሜዳው ላይ ተንበረከከ፣ እኔም ጃንጥላውን ላዩ ላይ ያዝኩ።

«ምን ብለህ ነው የመጣኸው?» አሉ ባላምባራስ።

«ሽማግሌ ላይ ጮኼያለሁ፤ ተሳድቤያለሁ። ስለሱ ይቅር በሉኝ።»

«ስለ መናፍቁ የተናገርከውስ?»

አባቴ መሬት መሬት እያየ «እሱን አምኜበት ነው የተናገርኩት። አሁን ተሳስቼ ነበር ብል መዋሸቴ ነው» አለ።

ጉርምርምታ ሆነ። ሥጋ ሻጩ ጋሽ አየለ «እንግዲያው ድንጋይህን ይዘህ ተመለስ፤ ለጉልቻ ይሆንሃል!» ሲል ሰዎቹ ሳቁ። ማንም ግን አልተነሳም። ድንጋዩ ከአባቴ ማጅራት አልወረደም። ክርክሩ ከወዲያ ወዲህ ሲል የአንገቱ ሥር ቀላ፣ ከጃንጥላው ጫፍ የሚወርደው ውኃ ኮሌታው ውስጥ ይገባ ነበር፤ ክንዴ ዝሎ ልጥለው ደርሼ ነበር።

በመጨረሻ ባላምባራስ ካባቸውን ሰብስበው ከጽዱ ሥር ወደ ዝናቡ ወጡ። «ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን መመለስ ኃጢአቱ ለእኛ ነው» አሉ። «እናትህን እንቀብራለን። አንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ በዚህ እድር ስብሰባ ላይ አፍህን አትከፍትም። ትመጣለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ትሄዳለህ።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ በቃ እስክልህ።»

አባቴ «እሺ» አለ። ባላምባራስ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለው ድንጋዩን አወረዱለት። ወደ ቤት ስንመለስ ጃንጥላውን አጥፌ ከኋላው ቀረሁ። እምቢ ይላል ብዬ ነበር።

እምዬ ኅዳር ላይ፣ ገብስ ሲታጨድ ሞተች። ጥሩምባው ረጅም ተነፋላት፣ ድንኳኑም ግቢያችን ውስጥ ተዘረጋ። ቃሬዛውን ከፊት ከተሸከሙት አንዱ ባላምባራስ ነበሩ፤ መቃብሩ ላይ ያለቀሱት ለይምሰል እንዳልነበር በልጅነት ዓይኔ አይቻለሁ። አባቴን ያዋረደው ሰውና ይህ የሚያለቅሰው ሰው አንድ መሆናቸውን መቀበል ለብዙ ጊዜ ቸግሮኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አባቴ በየወሩ ስብሰባ እየሄደ ከአግዳሚው ዳር ይቀመጥ ነበር። ጋሽ አየለ ነገር በተነሳ ቁጥር «እስቲ ወርቁ ምን ትላለህ?» እያለ ሰው ያስቅበታል፤ ትምህርት ቤትም እኔን «የዲዳው ልጅ» ይሉኝ ጀመር። እሱ ቤት ገብቶ አንድም ቀን አላማረረም። እኔም አንድም ቀን አልጠየቅኩትም፤ አፍሬበት ነበር።

በሁለተኛው በጋ የወይዘሮ አስካለ ልጅ ሙሉ በወሊድ ሞተች። እድሩ ከጽዱ ሥር ሲሰበሰብ እናቴ ለአባቴ ጋቢ እንዳደርስ ልካኝ ስለነበር አጥሩ ጋ ቆሜ አየሁ። ባላምባራስ ልጅቱ ከእነዚያ ጋር እንደነበረች፣ ያለፈው ውሳኔ ለእሷም እንደሚሠራ ተናገሩና «የሚናገር አለ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደ አግዳሚው ዳር ዞረ። አባቴ ብድግ አለ።

«ወርቁ፣ ቃልህን!» አሉ ባላምባራስ።

አባቴ ከንፈሩን እንደገጠመ ባርኔጣውን አደረገ፤ የእድሩ ዕቃ ወደሚቀመጥባት ጎጆ ሄደ፤ ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ፤ ሁለቱንም ትከሻው ላይ አድርጎ በመካከላቸው አልፎ ወደ ወይዘሮ አስካለ ቤት አቀና።

«ይሄ አሁን መናገር ነው ወይስ አይደለም?» አለ ጋሽ አየለ። ቆይቶ ራሱ ተነሳ፣ «ያ ቀጭን ልብስ ሰፊ ብቻውን ቆፍሮ እስከ መቼ ሊጨርስ ነው» እያለ እያጉረመረመ ተከተለው። ከዚያ ሌሎች ሁለት ተነሱ። የቀሩት ቀሩ፤ ባላምባራስም ቀሩ፤ ውሳኔው አልተሻረም። ሙሉም ከኦቦ ቃሲም ገብስ ዳር፣ ከመምህር ገመቹ አጠገብ ተቀበረች። አባቴን ግን ማንም ሊያስወጣው አልቻለም፣ አፉን አልከፈተምና። ባላምባራስ «በቃ» ሳይሉት ሞቱ፤ እሳቸውንም ተሸክሟል።

ዛሬ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በራሴ ስም የእድር አባል ነኝ። በእኛ እድር ውስጥ ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው፣ እስላሙ አብረው አሉ፤ የማንም ሬሳ ገብስ ዳር አይወድቅም፤ መተዳደሪያ ደንቡም ሃይማኖት አይጠይቅም። ይህን ባየ ብዬ አባቴን የማስብባቸው ቀኖች አሉ።

ባለፈው ዓመት ግን አንድ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤታችን፣ በየትኛውም ሃይማኖት እንደማያምኑ በስልካቸው ጽፈው ሰው ሁሉ አነበበው። ስብሰባ ላይ ስማቸው ይሰረዝ የሚል ሃሳብ ሲቀርብ ቄሱም፣ ፓስተሩም፣ ሐጂውም አንድ ሆኑ፤ እንዲህ በአንድ ቃል ሲስማሙ አይቻቸው አላውቅም። ሰብሳቢው ጨዋ ወጣት ነው፤ ማንንም ላለማፈን ብሎ ማይክሮፎኑን በየወንበሩ አሳለፈ። «እማማ፣ እርስዎስ? ሃሳብ ካለዎት ይናገሩ» አለኝ። የምለው ነበረኝ፤ ከአፌ ጫፍ ላይ ነበር።

የከለከለኝ ሰው አልነበረም። ማይክሮፎኑን አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት አቀበልኳት።